የቤቱ ግብር የማን ነው?
ለመርካቶ አከራዮችና ተከራዮች የቀረበ ዲስኩር

በመርካቶ የአንድ ሰዓት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁና በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

ከሰባተኛ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከጎማ ተራ እስከ አመዴ ገበያ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ የምንነግድበት ቤት ግብር የማን ነው? አከራዩ “አንተ ነህ የምትጠቀምበት” ይላል። ተከራዩ “ቤቱ ያንተ ነው” ይላል። መሐል ላይ ሽማግሌ ይገባል፤ አንዳንዴም ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ አንዳንዴም ሱቁ ይታሸጋል።

የሕጉ መልስ ግን አጭር ነው። የቤቱና የቦታው ግብር የባለይዞታው ነው። ከኪራይ የሚገኘው ገቢ ግብር የአከራዩ ነው። የንግዱ ትርፍ ግብር የነጋዴው፣ ማለትም የተከራዩ ነው። ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ጠቡ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማምነው ጠቡ የሚመጣው ከሕጉ አይደለም፤ እውነቱን ከማይናገር የኪራይ ውል ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ከታሪኩ ጥቂት ላንሣ፤ ያለ ታሪኩ የዛሬው ልማዳችን አይገባንምና።

መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዙሪያ ወደ ምዕራብ ሲገፋ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ከወረራው በኋላ ብዙ ነጋዴ ጥሪቱን አጠራቅሞ እዚህ ሱቅ ሠራ፤ የተረፈውን አከራየ። ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱም በሕግ ተከለከለ።

ያ አዋጅ በዚህ ሰፈር ላይ ሁለት አሻራ ትቶ አልፏል። አንደኛው የባለቤትነት ዝንቅ ነው። ዛሬ በአንድ መስመር ላይ የግል ሱቅ፣ የቀበሌ ሱቅ፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሱቅ፣ ነጋዴዎች በአክሲዮን ያቆሙት የገበያ ማዕከል ጎን ለጎን ቆመዋል። ግድግዳቸው ቢገናኝም የግብር ግዴታቸው አንድ አይደለም። የመንግሥትን ቤት የተከራየ ሰው የሚከፍለው ኪራይ ነው፤ የቤት ግብር ከፋይ አይደለም። የግል ቤት ባለቤት ግን ግብሩ በስሙ ይጻፍበታል። ስለዚህ ስለ ግብር ከመከራከር በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ “ቤቱ በማን ስም ነው?” የሚለው መሆን አለበት። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ወይም የመንግሥቱን የኪራይ ውል ሳያዩ ገንዘብ መቁጠር የብዙ ሐዘን መነሻ ነው።

ሁለተኛው አሻራ ጠለቅ ያለ ነው። ማከራየት ወንጀል በነበረበት ዘመን ያከራየ ሰው ኪራዩን ይደብቅ ነበር፤ ቢገለጥ ቤቱ ይሄዳልና። ክልከላው ከቀረ ብዙ ዓመት ሆነው፤ የመደበቅ ልማዱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ያኔ ፍርሃት የወለደው ልማድ፣ ዛሬ ማንም በማይወርሰው ቤት ላይ ዋጋ ያስከፍለናል።

አሁን ወደ ግብሮቹ ልለፍ፤ አራት ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው “የጣሪያና ግድግዳ” የምንለው ነው። መሠረቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ግብሩ የሚታሰበው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ሲሆን ምጣኔው ከ1 በመቶ ተነሥቶ እስከ 4.5 በመቶ ይደርስ ነበር። ችግሩ ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ መቆየቱ ነው። ገበያው ሲንር ግምቱ ባለበት ተኛ፤ ብዙ ሰው ለትልቅ ሕንፃ የሚከፍለው ለአንድ ምሳ ግብዣ የማይበቃ ገንዘብ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግምቱን ከልሶ ማስከፈል ሲጀምር ሕዝቡ ደነገጠ፤ ኢዜማ የተባለው የፖለቲካ ፓርቲም የክለሳውን ሕጋዊነት ተቃውሞ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ ግብር በሕግ ይጣላል፣ በሕግም ይከለሳል የሚለው መርህ ለከፋዩም ለአስከፋዩም ይጠቅማልና።

ከዚህ ክርክር በኋላ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። አዋጁ ማዕቀፍ ነው፤ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በራሳቸው ሕግ ምጣኔውን እንዲወስኑ ወሰን ያበጃል። ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። ነገር ግን ምጣኔው የሚያርፈው በንብረቱ ሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው።

ለስሌት ያህል የገበያ ዋጋው 20 ሚሊዮን ብር የሆነ ሕንፃ እንውሰድ። ታክስ የሚታሰብበት ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ ባለቤቱ በዓመት 5,000 ብር ይከፍላል፤ በከፍተኛው 50,000 ብር። የመሬቱ ለብቻው ይታሰባል። ይህን የምነግራችሁ ሁለት ዓይነት ወሬ በገበያው ስለሚዞር ነው። አንዱ “ቤታችንን ሊወስዱት ነው” ይላል፤ ሌላው “የንብረት ታክስ ስለመጣ ኪራይ እጥፍ ነው” ይላል። ሁለቱም ከስሌቱ ጋር አይገጥሙም። ታክሱ ጨመረብኝ ብሎ ኪራይ የሚጨምር አከራይ የግብር ደረሰኙን አምጥቶ ለተከራዩ ያሳይ፤ 50,000 ብር በዓመት ለአሥር ሱቅ ሲካፈል ለአንዱ ሱቅ በወር ከ420 ብር አይበልጥም።

ሁለተኛው የኪራይ ገቢ ግብር ነው፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ “ለ” የያዘው። ድርጅት 30 በመቶ ይከፍላል፤ ግለሰብ እንደ ገቢው ደረጃ በደረጃ እስከ 35 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ስለተሻሻለ አሮጌውን ሠንጠረዥ ይዛችሁ አትስሉ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ወጪውን ይቀንሳል፤ ለማይዘውም ሕጉ ለጥገናና ለእርጅና የሚቀነስ ድርሻ አስቀምጦለታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሕጉ “የኪራይ ገቢ” ሲል በየወሩ የሚቆጠረውን ብር ብቻ ማለቱ አይደለም። ቤቱን ለማግኘት በመግቢያ ላይ የሚሰጠው ገንዘብም ገቢ ነው። በውሉ መሠረት ተከራዩ ስለ አከራዩ የሚከፍለው ክፍያም ገቢ ነው። ተከራዩ በውሉ ተገድዶ፣ ከኪራዩ ሌላ፣ በራሱ ወጪ ያደረገው እድሳትም ገቢ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ባዶ ግድግዳውን ተረክቦ ወለሉን፣ መደርደሪያውን፣ መዝጊያውን የሚሠራው ተከራዩ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ በውል ከተጣለበት፣ የእድሳቱ ዋጋ በአከራዩ ገቢ ላይ ይደመራል።

ስለዚህ በውላችን ውስጥ ዘወትር የምናገኛት “ማንኛውንም የመንግሥት ግብር ተከራይ ይከፍላል” የምትለው ሐረግ አከራዩ እንደሚያስበው ነፃ አታወጣውም። በሁለቱ መካከል ገንዘቡ ከማን ኪስ ይውጣ የሚለውን ልትወስን ትችላለች። በግብር መሥሪያ ቤቱ ፊት ግን ባለዕዳው አከራዩ ነው፤ ተከራዩ የከፈለለትም እንደ ተጨማሪ ኪራይ ይታይና ራሱ ግብር ይታሰብበታል። ተከራዩም “ከፍያለሁ” ብሎ በራሱ ስም የግብር ደረሰኝ ሊጠብቅ አይችልም፤ ደረሰኙ የሚወጣው በአከራዩ ስም ነውና።

ሦስተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው፤ የንግድ ቤት ኪራይ ግን አይደለም። ለታክሱ የተመዘገበ አከራይ በኪራዩ ላይ 15 በመቶ ይጨምራል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ለመንግሥት ያስገባል። ገንዘቡ ከተከራዩ ይወጣል፤ የመሰብሰቡና የማስገባቱ ኃላፊነት ግን የአከራዩ ነው። ተከራዩም የተመዘገበ ከሆነ የከፈለውን ከራሱ ሽያጭ ታክስ ላይ ያቀናንሳል። ደረሰኝ ካልያዘ ግን 15 በመቶው ኪሳራው ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው የነጋዴው የራሱ የንግድ ትርፍ ግብር ነው፤ ይህ የተከራዩ ብቻ ነው፤ አከራይ አይገባበትም። ግን የሁለቱ ሒሳብ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ነጋዴ ሱቁን በወር 40,000 ብር ተከራየ እንበል። አከራዩ ግብር ፈርቶ ውሉ ላይ 10,000 ብር አስጻፈ። ቀሪው 30,000 ብር በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ይሰጣል። በዓመት 360,000 ብር ከወረቀት ውጭ ሆነ ማለት ነው። ተከራዩ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝና በከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን ላይ ያለ ነጋዴ ከሆነ፣ ያንን 360,000 ብር ወጪ ብሎ ማቅረብ አይችልም። መዝገቡ ላይ እንደ ትርፍ ይታያል። ከዚያም 126,000 ብር ላላገኘው ትርፍ ግብር ይከፍላል። አከራዩ የደበቀው ግብር አልጠፋም፤ ወደ ተከራዩ ትከሻ ተዛወረ እንጂ። ተከራዩም በተራው ይህን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጭነዋል፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ሜትር ጨርቅና ከአንድ ጣሳ ቀለም ዋጋ ጋር የሚከፍለው ገዢው ነው።

አከራዩስ አተረፈ? ነገ ተከራዩ ሦስት ወር ኪራይ አልከፍልም ቢለው፣ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው ውል 10,000 ብር ይላል። 40,000 ነው ብሎ ቢከራከር፣ ራሱ ለመንግሥት ያቀረበው ወረቀት ምስክር ሆኖ ይነሣበታል። ተከራዩም በበኩሉ የመግቢያ ብሎ የሰጠውን ብዙ መቶ ሺህ ብር “መልስልኝ” ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለዚህ ነው። የተጻፈው ሐሰት ከሆነ የሚወረሰውም ሐሰቱ ነው።

ወገኖቼ፣ ስለ ሦስተኛ ወገን ሳልናገር ባልፍ ስለ መርካቶ ተናገርኩ ማለት አልችልም። ከባለቤቱ የተከራየ ሰው ሱቁን ከፋፍሎ ለሌሎች ያከራያል፤ አንዱ በር ሦስት ነጋዴ ይይዛል። ሕጉ ይህን ያውቀዋል። ተከራይ ሆኖ መልሶ የሚያከራይ ሰው፣ ከሚቀበለው ኪራይ ላይ ለባለቤቱ የሚከፍለውን ቀንሶ በልዩነቱ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፍላል። ካልከፈለስ? መልሶ እንዲያከራይ የፈቀደው ባለቤት ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቶች ሆይ፣ “እኔ ከእርሱ ጋር እንጂ ከነዚያ ጋር ውል የለኝም” የሚለው መከራከሪያ በግብር ጊዜ አያድንም። ተከራያችሁ መልሶ ሲያከራይ ከፈቀዳችሁ፣ ውሉን ጠይቁ፤ ግብሩን መክፈሉንም በየዓመቱ አረጋግጡ። የመንግሥትን ቤት ይዞ ያለ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን የሚያከራይ ደግሞ ከግብሩ በላይ ቤቱን የማጣት አደጋ አለበት፤ ከእርሱ የሚከራየው ነጋዴም መሬቱ በእግሩ ሥር እንዳልጸና ይወቅ።

ሌላም አለ። መርካቶ ውስጥ ሕንፃው ከላይ እየተሠራ ምድር ቤቱ ይከራያል። ሕንፃው ሲያልቅ፣ ወይም ሳያልቅ ከተከራየ፣ ባለቤቱና ሕንፃውን የሚሠራው ተቋራጭ ይህንኑ ለአካባቢው አስተዳደር የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። “ገና ግንባታ ላይ ነው” የሚለው ምክንያት ኪራይ ከተጀመረ በኋላ አይሠራም።

ተከራዮችም አንድ ነገር እወቁ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ አከራዩ የግብር ዕዳ ካለበት የግብር ባለሥልጣኑ ለእርሱ ገንዘብ ያለባቸውን ሰዎች ገንዘቡን ወደ መንግሥት እንዲያስገቡ ማዘዝ ይችላል። ተከራይ የኪራይ ባለዕዳ ነውና ትእዛዙ ሊደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ አትደንግጡ፤ አትደብቁትም። በትእዛዙ መሠረት የከፈላችሁት በዚያው መጠን ለአከራዩ እንደከፈላችሁ ይቆጠራል፤ ደረሰኙን ያዙ፤ ለአከራዩም አሳውቁት።

ስለ መኖሪያ ቤትም አንድ ቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። በአውቶብስ ተራ ጀርባ፣ በጓሮ ክፍል የምትኖሩ ሁሉ ይህ ይመለከታችኋል። ሱቅ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። የንግድ ቤት ተከራይ ዋና ጥበቃው ያለው በራሱ ውል ውስጥ ነው፤ የኪራይ ዘመኑን፣ የጭማሪውን መጠንና ጊዜውን፣ የመልቀቂያውን ማስጠንቀቂያ በውሉ ያስገባ።

በሌላው ዓለም የቤት ግብር ግዴታ በተለያየ መንገድ ተደልድሏል። በእንግሊዝ አገር የንግድ ቤት ግብር በአብዛኛው የሚጠየቀው ቤቱን ይዞ ከሚነግደው ሰው ነው። በፈረንሳይ የመሬትና የሕንፃ ግብር የባለቤቱ ነው። በአሜሪካ ባለቤቱ ላይ ተጥሎ፣ በውል ወደ ተከራይ ይተላለፋል። ሁሉም አሠራር ይሄዳል፤ አንድ ነገር ግን የጋራቸው ነው፦ ማን ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ በግልጽ ተጽፏል፤ ተከራዩም ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ወደ መንግሥት በኩል ልዙር። ግዴታን ስናገር የእናንተን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ፍትሕ አይሆንም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ በእሳት ነደደ። የብዙ ሰው የዕድሜ ልፋት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። የእሳት አደጋ መኪና በጠባቡና በተጨናነቀው መንገድ መግባት ሲቸግረው ሰፈሩ በዓይኑ አየ። የንብረት ግብር በብዙ አገሮች የአካባቢ ግብር የሚሆነው መንገዱን፣ የውኃ መስመሩን፣ የእሳት መከላከያውን፣ የቆሻሻ ማንሻውን የሚሸከም ገንዘብ ስለሆነ ነው። ሸማ ተራ ሱቅ ያለው ሰው ግብሩን ከፍሎ “መኪናው የሚገባበት መንገድ የት አለ?” ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስለ ደረሰኝ ቁጥጥር በተነሣው አለመግባባት የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው እንደነበርም እናስታውሳለን። ያ ቀን ያስተማረን ቁጥጥር ከማስረዳት ቀድሞ ሲመጣ ገበያ እንደሚቆም ነው።

ስለዚህ የከተማችን አስተዳደር የቤቶችን ግምት እንዴት እንደሠራ ለባለይዞታው በጽሑፍ ይስጥ። ቅሬታ ያለው ሰው ሳይንገላታ የሚሰማበት መስኮት ይኑር። እውነተኛ ውል ያመጣ አከራይ “ያለፈውን ሁሉ አምጣ” ተብሎ እንዳይቀጣ፣ እውነት የተናገረ እንደ ሐሰተኛ እንዳይታይ ይደረግ። እውነት የሚያስቀጣ ከሆነ ማንም እውነት አይጽፍም።

የእናንተ ድርሻ ደግሞ ይህ ነው። አከራዮች፣ የምትቀበሉትን ኪራይ በሙሉ ውሉ ላይ ጻፉ፤ የጣሪያና ግድግዳውን ግብር በስማችሁ፣ በጊዜው ክፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ኪራይ ደረሰኝ ስጡ። ተከራዮች፣ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ፤ በሚቻለው ሁሉ በባንክ ክፈሉ፤ ከእውነቱ በታች በተጻፈ ውል ላይ አትፈርሙ፤ የምታደርጉት እድሳት በማን ወጪ እንደሆነና ስትለቁ ምን እንደሚሆን አስጽፉ። ሁለታችሁም፣ በውሉ ውስጥ አራቱን ግብሮች በየስማቸው ጥሩና እያንዳንዱን ማን እንደሚከፍል በአንድ አንድ መስመር አስፍሩ። “ማንኛውንም ግብር” የምትለዋን ሐረግ ከውላችሁ አውጧት።

የኪራይ ውል የሚታደስበት ወር ሲደርስ፣ ከእውነቱ በታች የተጻፈውን ወረቀት ቅደዱትና አንድ እውነተኛ ውል ተፈራረሙ። መጀመሪያ ላይ ግብሩ የሚበዛበት አከራይ ይኖራል፤ ኪራዩን እንደገና መነጋገርም ያስፈልግ ይሆናል። ተነጋገሩ፤ መርካቶ በዋጋ መነጋገርን ለአገር ያስተማረ ሰፈር ነው። የተነጋገራችሁትን ግን እንዳለ ጻፉት።